በግራ እጅ የተሸረበ ገመድ

ፓተንስ ሐርበር፣ ኒውፋውንድላንድ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ጁን 11 ቀን 2023

ለምወድሽ ልጄ ለክሪስታ፣

እንደምን ነሽ ልጄ? ሃሊፋክስ ሙቀቱ ገባ አሉ፤ እኛ ዘንድ ጭጋጉ ገና ደጃፍ ላይ ተጎልቷል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው። አክስትሽ ሜልባ ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው። ይህ ደብዳቤ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛውን ሜልባ በትከሻዬ በኩል ልታነብ ስትንጠራራ ቀደድኩት። ይሄኛውስ እንደምንም ፖስታ ቤት ይድረስ።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩሽ ትገረሚ ይሆናል። በስልክ ስትጠይቂኝ እዋሻለሁ፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። «አባዬ፣ ዓሣ ነባሪዋ ጭራ ላይ የነበረውን ገመድ እኛ ሳንደርስ በቢላ የቆረጠው ሰው አለ። አንተ ሁሉንም ሰው ታውቃለህ፣ እስቲ ጠያይቅልኝ» አልሽኝ። «እሺ፣ እጠያይቃለሁ» አልኩሽ። ጠየቅሁም። የራሴን ሥራ ከቤት ቤት እየዞርኩ «ማነው የቆረጠው?» ስል ከረምኩ። አንዳንዱ ሻይ አፈላልኝ፤ አንዳንዱ እንደኔው የማያውቅ መሰለ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ክሪስታ።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። አሁን ተመልሻለሁ። ጉዳዩ በኔና በአንቺ መካከል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳልነግርሽ እሞት ነበር፤ እውነቴን ነው። ነገር ግን በኔ ጥፋት ጋርላንድ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱን ሊነጠቅ ነው። ሐሙስ ጁን 22 ቀን ከተማ ሄዶ የዓሣ ሀብት ባለሥልጣኖቹ ፊት ይቀርባል። ያን ሰው ማዳን የምትችይው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ያውም ራስሽን ጎድተሽ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅብኝ ታገሺኝ፣ ለኔም ተምታቶብኛል።

ያን ረቡዕ ማለዳ ከሜልባ ቤት ጀርባ ወዳለው ጠጠራማ የባሕር ዳርቻ የወረድኩት ማገዶ ልለቅም ነበር። ማዕበሉ ጥሩ እንጨት ያመጣ ነበር። ከሩቅ ሳያት የተገለበጠ ጀልባ መሰለችኝ፤ የማን ጀልባ ነው ብዬ ደንግጬ ሮጥኩ። በኔ ጉልበት ሩጫ ከተባለ። ስደርስ ዓሣ ነባሪ ናት። ገና ወጣት ናት። ገመዱ ጭራዋ ላይ ሦስት ጊዜ ዞሮ ሥጋዋን እስከ ነጩ ስብ ድረስ በልቶታል። ከዚያ በሆዷ ሥር አልፎ አፏ ውስጥ ይገባል። ምን ያህል ወር እንደጎተተችው እግዜር ይወቅ፤ ገመዱ አረንጓዴ ልስልስ ነገር በቅሎበታል። አንድ ዓይኗ ክፍት ነበር። እኔ ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ ስኖር ብዙ የሞተ ነገር አይቻለሁ፤ ያን ዓይን ግን ማየት አቃተኝና ፊቴን ወደ ገመዱ መለስኩ። ባልመለስኩት ኖሮ።

ገመዱን ሳብ ሳደርገው ሁለት ገመድ እርስ በርሱ ተሸርቦ የተቀጠለበት ቦታ እጄ ውስጥ ገባ። በዚህ ወደብ ያለ ሰው ሁሉ ሲሸርብ ወደ ቀኝ ነው። ያ ሽርብ ወደ ግራ የሄደ ነበር። አረንጓዴውን በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ዙሩን ቆጠርኩት። አምስት። ሌላ ሰው ቢሆን በሦስት ዙር ይጨርሰዋል፤ ይሄ አምስት ዙር አለፈ። ቢላዬ መቼ ከኪሴ እንደወጣ አላውቅም። ግራና ቀኙን ቆርጬ ሽርቡን ኪሴ ከተትኩና እንጨት ሳልለቅም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሜልባ በአጥሩ በኩል «ምነው፣ ሰይጣን ያየህ መሰልክ?» አለችኝ። «ዓሣ ነባሪ ሞታለች፣ ለዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪው ደውዪ» አልኳት። እሷም ደወለች። ከሬዲዮ ጣቢያ ይልቅ ሜልባ ትፈጥናለች።

እንግዲህ ያን ሽርብ አውቀሽዋል ወይስ አላወቅሽውም፣ እኔ እንጃ። ቢሆንም ያን የበረዶ ወራት ላስታውስሽ። እናትሽ ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነው። አላለቀስሽም። ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ለምን አታለቅስም?» ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጪ ቦርሳሽን ጥለሽ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ነው። ምድጃው አጠገብ ሣጥን ላይ ትቀመጪና እጅሽን ትዘረጊያለሽ፤ እኔ ገመድ አቀብልሻለሁ። ቋጠሮ አይሆንም፣ መጎተቻው ላይ ይያዛል፣ ጫፉን ፈተሽ ክሩን ባንዱ ሥር እያሳለፍሽ ሸርቢው እያልኩ አስተማርኩሽ። አልሆነልሽም፤ ሁሉም ተገልብጦ ይመጣል። ጮኽኩብሽ። ያኔ ጋርላንድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከጎናችን ካለው መጋዘን አንገቱን ብቅ አድርጎ «አጎት ሴልቢ፣ ልጅቷ ላይ አትጩህ፤ እንደኔ ግራኝ ናት። ለኔ ተዋት» አለኝ። መጥቶ ፊት ለፊትሽ ተቀመጠ፤ በሁለት ቀን ለመድሽው። በሳምንቱ ከኔ ትፈጥኚ ነበር። «ሦስት ዙር ይበቃል» ሲልሽ አምስት ታሳልፊያለሽ። «ለምን?» አልኩሽ አንድ ቀን። «እንዳይለቅ» አልሽኝ።

እናትሽ በማርች ስታርፍ ያ ሁሉ ገመድ አልቆ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጥፍራሙን ሎብስተር ከነወጥመዱ ከባሕር ሥር ያወጣሁት በዚያ ገመድ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አለቀቀም።

ከዚያ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ገመዴን በአዲስ ለወጥኩ። አንቺም ደውለሽ «አባዬ፣ አሮጌውን ባሕር ውስጥ እንዳትጥለው፣ ፕላስቲክ ነው፣ አይጠፋም። ቆሻሻ መጣያው ድረስ ውሰደው» አልሽኝ። «ወስጄዋለሁ» አልኩሽ። ይህም ሙሉ ውሸት አልነበረም፤ ወስጄው ነበር። መኪናዬ ላይ ጭኜ መጣያው ድረስ ሄድኩ። እዚያ ዶዘሩ የሕፃን ዳይፐርና የተሰበረ ፍሪጅ አብሮ ይገፋል፤ ወፎቹ ከላይ ይንጫጫሉ። ያን የበረዶ ወራት የሠራሽውን ገመድ እዚያ ላይ ጥዬ መመለስ አልሆነልኝም። ሰውየው «ምን ይዘሃል?» ሲለኝ «ተሳስቼ ነው» ብዬ መኪናዬን አዞርኩ።

አያትሽ ያገለገለውን ገመድ ሁልጊዜ ለባሕር ነበር የሚመልሰው፤ ባርኔጣውን አውልቆ። እኔም ልጅ ሆኜ አብሬው ወጥቼ ባርኔጣዬን አውልቄያለሁ። የሱ ገመድ ግን ቃጫ ነበር፤ በዓመቱ በስብሶ ምንም አይቀርም። የኔ ፕላስቲክ ነው። አላውቅም ነበር ልልሽ አልችልም። የፕላስቲክ ገመድ እንደሚንሳፈፍ ስለማውቅ ነው በአሮጌ የሽቦ ወጥመድ ውስጥ አጭቄ፣ ድንጋይ ጨምሬ፣ ከወደቡ አፍ ወጣ ብዬ ያሰመጥኩት። ባርኔጣዬንም አወለቅሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ሽቦው ዝጎ እንደሚያልቅ ነው። ሽቦው አለቀና ገመዱ ወጣ። አንድ ሙሉ ዕድሜ ባሕር ላይ ኖሬ ሽቦ እንደሚዝግ ሳላስብ ቀረሁ ብዬ ለማን ልናገር? ለሚያምር ቀብር ስል ያደረግሁት ነገር እንስሳ አንቆ ገደለ። አሁን ስጽፈው እንኳ ደግ ሥራ ነበር ወይስ ክፉ፣ መለየት አቅቶኛል።

አንቺና ባልደረቦችሽ ዓሣ ነባሪዋን ልትመረምሩ የመጣችሁ ዕለት ከሰው ጋር ቆሜ አየሁሽ። በዚያ ቢጫ ቱታ እናትሽን መሰልሽ፤ ይህን አልነገርኩሽም። ሆዷን ቀዳችሁ ውስጧ የነበረውን ሰማያዊው ሸራ ላይ ስትደረድሪ ወደቡ ሁሉ ሊያይ ተጠጋ። የወጥመድ ማባበያ የሚከተትበት የመረብ ከረጢት፣ የእጅ ጓንት፣ የፊኛ ጥብጣብ፣ የሎብስተር ጥፍር የምናስርበት ላስቲክ፣ የእርጎ ክዳን። ሰው ሁሉ የራሱን እየፈለገ ያያል። ሜልባ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ እንጆሪ ጣዕም ያለው እርጎ በልቼ አላውቅም» አለች። አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አንቺን አይቶ ተወው።

ከዚያ ከአፏ ገመዱን ስትስቢ ሌላ ሽርብ መጣ። ለካ ያ ገመድ ከአንድ በላይ ነበረው። ለመቁረጥ ስቸኩል ሌላ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። በአውራ ጣትሽ ጠረግሽው። ብዙ ያዝሽው ክሪስታ። ከዚያ ከረጢት ውስጥ ከትተሽ ቁጥር ጻፍሽበትና ለተቆጣጣሪው ሰጠሽው። ራት ላይ የጨው ሥጋውንና ጎመኑን አቀረብኩልሽ፤ «አባዬ፣ ጨው አብዝተሃል» ብቻ አልሽኝ። ጨዉን እኔ አላበዛሁትም፣ ሥጋው ራሱ ጨው ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን «አውቃዋለች፣ እኔ እስክነግራት ነው የምትጠብቀው» እላለሁ። በማግስቱ ደግሞ «ጓንት አድርጋ ነበር፣ ደክሟት ነበር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እንዴት ታስታውሰው» እላለሁ። ዞሮብኛል። የማውቅሽ ልጄ ነሽ፣ ግን ያን ዕለት ፊትሽን ማንበብ አቃተኝ።

አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ያን ሽርብ ይዞ ጀልባ ለጀልባ ዞረ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው፤ መጥፎ ሰው አይደለም። ለእያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ገመድ እየሰጠ «እስቲ ሸርብልኝ» ይላል። ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደ ቀኝ ሸረበለት። ጋርላንድ ወደ ግራ ሸረበ። «ሦስት ዙር ነው የማሳልፈው» አለ ጋርላንድ፤ «ሦስት የምታሳልፍ እጅ አምስትም ታሳልፋለች» አለው ልጁ። ያ ብቻ ሆነ። በመዝገብ የሌለ ገመድ ባሕር ላይ ጥሏል፣ ከዚያም ማስረጃ ቆርጦ ሰውሯል ብለው ከሰሱት። ጋርላንድ ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ጀልባው ገና የባንክ ነው። ፈቃዱ ከተነጠቀ ይህ ወደብ ለሱ አለቀለት። ፈቃዱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። በደስታ ነበር የሸጥኩለት፤ ለልጄ እንደማወርስ ነበር የቆጠርኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ሸሚዝ ለበስኩና ሽርቡን በጋዜጣ ጠቅልዬ ተቆጣጣሪው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ገመዱ የኔ ነው» አልኩት። «የጣልኩትም፣ የሸረብኩትም፣ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ። ጋርላንድን ተዉት።»

ሽርቡን አገላበጠው። «ሚስተር ፒንሰንት፣ እርስዎ ከሙያው ከወጡ ሰባት ዓመት ሆኖዎታል። የሚነጠቁት ፈቃድ የለም። እሱ ነው የላከዎት?»

«ማንም አልላከኝም። ሰባ ዓመቴ ነው፣ መንገዱን ራሴ አውቀዋለሁ።»

«የእርስዎ እጅ ነው ይህ?»

«የኔ ነው።»

ከመሳቢያው ሁለት ገመድ አውጥቶ ሰጠኝ። «እንግዲያው አንድ ይሸርቡልኝ» አለ።

ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ገመድ ሸርቤያለሁ፤ በጨለማ ሸርቤያለሁ፣ በሰከረ እጅም ሸርቤያለሁ። ያን ዕለት እጄ ከዳኝ። ወደ ግራ ልወስደው ስል ጣቶቼ ወደለመዱት ይሄዳሉ። ፈታሁት፣ እንደገና ጀመርኩ። ያንቺን እጅ እንዴት ትይዢው እንደነበር ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አስታወስኩትም፤ ግን ያንቺ እጅ ነው፣ የኔ አይደለም። ላቤ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። መጨረሻ ላይ የወጣው ነገር ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያልሆነ ጉድ ነው፤ ሜልባ የጀመረችውን ሹራብ ይመስላል። ልጁ ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደልኝ።

«ይበቃል ሚስተር ፒንሰንት» አለኝ። «ጎረቤትዎን ይወዱታል። ይገባኛል። ግን ይህን ቁራጭ ከየት እንዳገኙት መጻፍ አለብኝ።»

ምን ብሎ እንደጻፈ ታውቂያለሽ? ጋርላንድ እንድደብቅለት ሰጠኝ ብሎ። ላድነው ሄጄ ይብስ አሰመጥኩት። ያንቺን ስም መጥራት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ልጄ ናት የሸረበችው፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር» ማለት ብቻ ነው። ግን ሪፖርቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ዓሣ ነባሪዋን የቀደድሻት፣ በሬዲዮም የተናገርሽው አንቺ ነሽ። በየስብሰባው «ገመድ አትጣሉ» ስትዪ የኖርሽ አንቺ ነሽ። ባልደረቦችሽ ምን ይሉሻል? አንቺስ ለራስሽ ምን ትያለሽ? ዋጥኩትና ወጣሁ።

ትናንት ጋርላንድ ሎብስተሩን ሲያራግፍ ወደ ወደቡ ወረድኩ። ልሸሸው አስቤ ነበር፣ ግን ሣጥን አቀብለኝ አለኝ፤ አቀበልኩት።

«አጎት ሴልቢ፣ ምን ነካህ?» አለኝ ቀና ሳይል። «አንተ ቢሯቸው ከሄድክ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠሩኝ።»

«እውነቱን ነገርኳቸው። አላመኑኝም።»

«ሁሉንም ነገርካቸው?»

ቀጣዩን ሣጥን አቀበልኩት። እሱም ሣጥኑን አስቀመጠና ጓንቱን አወለቀ።

«አምስት ዙር ነው» አለኝ። «ገና ከከረጢቱ ሳያወጡት ነው የለየሁት። በዚህ ባሕር ዳር አምስት ዙር የሚያሳልፍ አንድ ሰው ነው። ሦስት ይበቃል ብላት አልሰማ ያለችኝ።»

«ታውቅ ነበር?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ ያስተማርኳት?»

ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «አንድ ቃል ነው እኮ።»

«ምን ብዬ? ዓሣ ነባሪዋን የቀደደቻት ልጅ ናት ያነቀቻት ብዬ?» ወደ ባሕሩ አየ። «ከዚህ ወደብ ወጥታ እዚያ የደረሰች እሷ ብቻ ናት። ልጆቼ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ተዋት።»

«ያንተስ ሥራ?»

«ቢቀር ዓሣ ፋብሪካ እገባለሁ።»

ውሸቱን ነው። ጋርላንድ ከጣሪያ ሥር አንድ ቀን መዋል እንደማይችል አንቺም ታውቂያለሽ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በር ሥር ነው የሚቆመው።

«ሚስትህስ ምን አለች?»

«ቦኒታ አታውቅም። አንተም እንዳትነግራት። ለክሪስታም እንዳትነግራት። ቃል ግባልኝ አጎት ሴልቢ።»

ቃል ገባሁለት፤ ጨበጠኝም። ያው ይኸው ለሱም ዋሸሁ፣ እየነገርኩሽ ነው። በዚህ አንድ ወር የዋሸሁትን ያህል በዕድሜዬ ሁሉ አልዋሸሁም፤ ሁሉም ደግሞ ለምወደው ሰው ነው።

አሁን ምን ልበልሽ? ነይ ልልሽ ብዕሩን አነሣለሁ፣ አትምጪ ልልሽ አነሣለሁ። አባት የሆነ ሰው በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን ነገር ማወቅ ነበረበት። እኔ አላውቀውም። አንቺ መጥተሽ ከዚያ ልጅ ፊት ተቀምጠሽ ሁለት ገመድ ብትሸርቢ የጋርላንድ ክስ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። የኔ ጥፋትም በስሜ ይጻፋል፤ የሚቀጡኝን ይቅጡኝ፣ ደስ ይለኛል። ያንቺ ስም ግን ከኔ ጋር አብሮ ይጻፋል፣ ያ ነው ልቤን የሚሰነጥቀው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አንዲት ልጅ እናቷ እየሞተች ሳለ ገመድ አጥብቃ ሸረበች፤ ከዚያ ያለፈ ምን አደረግሽ? የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ሺህ ጊዜ ብነግርሽም፣ ያ የተከፈተ ዓይን ትዝ እያለሽ እንቅልፍ ሲነሳሽ መች ታምኚኛለሽ? ይህን ስለማውቅ ነው ቆርጬ የደበቅሁት። ወይስ ራሴን ነው የደበቅሁት? እሱንም አላውቅም። ሁለቱም ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነኝ፣ እሱን ልንገርሽና ላብቃ። ባትመጪ አልቀየምሽም። ሐሙስ ዕለት ከጋርላንድ ጎን እቀመጣለሁ። ስላንቺ አንድ ቃል አልተነፍስም፤ እሱም አይተነፍስም። ሁለት ሰዎች አንቺን ብለን ዝም ብለን ተቀምጠን፣ ፈቃዱን ሲወስዱበት እናያለን። ከዚያ ወጥተን ወደ ቤት እንነዳለን፤ እሱ ሲያልፍ ሲያገድም «ክሪስታ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ እኔም «ደህና ናት» እለዋለሁ፣ እስክሞት ድረስ። አንቺ ይህን ሳታውቂ እዚያ በሰላም እንድትኖሪ ፈልጌ ነበር። ግን ሰው ስላንቺ እንዲህ ሲሆን አለማወቅ፣ ያ ሰላም አይደለም፤ ሌብነት ነው። የሰረቅሁብሽን መለስኩልሽ እንጂ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ከመጣሽ ደውዪልኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ እመጣለሁ። መኪናዋ ትሠራለች። አልጋሽን ዛሬ ጠዋት አንጥፌዋለሁ፤ ብትመጪም ባትመጪም እንደተነጠፈ ይቆያል።

በላይሽ ያለው አምላክ እጆችሽን ይጠብቅልኝ ልጄ፣ ሁለቱንም። ቀኙን እኔ ነኝ የሰጠሁሽ ማለት እወዳለሁ፤ ግራው ግን ያንቺው ነው፤ የምታደርጊበትንም አንቺው ታውቂያለሽ።

አባትሽ፣
ሴልቢ ፒንሰንት